የታሪክ ክበብ፦ ከጥንት ዌልሾች ጋር የከረምንበት ዓመት

ዘንድሮ ክበባችን ከነገሥታትና ከጦርነት ትንሽ ፋታ ወስዷል። በመጀመሪያው ስብሰባ አባላቱ “ድሮ ተራው ሰው ዓመቱን እንዴት ይገፋ ነበር?” የሚለውን ጥያቄ መረጡ፤ ዕጣው የወጣው በብሪታንያ ላለችው ለዌልስ ነው። ግማሹ ክፍል “የኳስ ተጫዋቹ የጋሬዝ ቤል አገር!” ብሎ አጨበጨበ፤ ከዚያ በላይ የሚያውቅ ግን አልነበረም።

የዌልሾችን ዓመት ለሁለት የሚከፍለው የከብት ሣር ነበር። በሜይ 1 በጋው ሲገባ ቤተሰቡ ላሞቹን እየነዳ ሸለቆ ውስጥ ካለው ሄንድሬ ከሚባለው ቤቱ ተነሥቶ ተራራ ላይ ወዳለው ሃቮድ ይወጣል፤ እዚያ ቅቤና አይብ ሲሠራ ይከርማል። ኖቬምበር 1 የብርዱ ወራት መግቢያ ነው። በዋዜማው በየኮረብታው ደመራ ይለኮሳል፤ እሳቱ ሲከስም “ጭራ የሌላት ጥቁር እሪያ የኋለኛውን ሰው ትያዘው” እያሉ ወደ ቤት ይሮጣሉ። የ9ኛ ክፍል ልጆች ይህን በሚኒ ሚዲያ ካሰሙ በኋላ ለሳምንት ያህል ከሰልፍ ወደ ክፍል በእግሩ የሄደ ተማሪ አላየሁም።

ብዙ ያከራከረን እርሻው ነው። በ10ኛው መቶ ዘመን በነገሠው በሃዌል ዳ ስም የሚጠራው ሕግ ገበሬዎች በሬ አዋጥተው አብረው እንዲያርሱ ሥርዓት ያወጣል፤ ከገጠር የመጡት ልጆች “መቀናጆ ነዋ!” አሉ። የሚታረሰው መሬት ድርሻ ድርሻው ተለይቶ ለአራሹ፣ ለማረሻው ባለቤት፣ ለየበሬው ባለቤት ይደርሳል። በሬ ነጂው ደግሞ ከፊት ሆኖ ወደ ኋላ እየሄደ ለበሬዎቹ ይዘፍን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1188 ዌልስን የዞረው ካህን ጄራልድ ነጂው ወደ ኋላ እንደሚሄድ ጽፏል፤ ልጆቹ ግን ሜዳው ላይ ሞክረው ካላዩት አላመኑም። (ድመት በዚያ ሕግ ዓይኗን እስክትገልጥ 1 ፔኒ፣ አይጥ መግደል ስትጀምር 4 ፔኒ ታወጣለች።)

የዓመቱ ትልቁ ዝግጅት ታኅሣሥ ላይ ያቀረብነው ማሪ ሉዊድ ነበር። በደቡብ ዌልስ ከገና እስከ አዲስ ዓመት ባሉት ቀናት የፈረስ ራስ ቅል በእንጨት ላይ ሰክተው፣ ነጭ አንሶላ አልብሰው፣ መንጋጋውን እያንቀጫቀጩ በየደጁ ይዞራሉ። ለመግባት በግጥም ይለምናሉ፤ ባለቤቶቹም ከውስጥ በግጥም ይመልሳሉ፤ ግጥም ያለቀበት ይሸነፋል። የሥነ ጥበብ ክበብ የፈረሱን ራስ በካርቶን ሠራልን፤ መምህራን ቤተ መጻሕፍቱን ዘግተን ውስጥ ቆየናቸው። ከውጭ፦

ብርዱ አጥንቴን በላው በሩን ክፈቱልኝ፣
ከሩቅ ነው የመጣሁ ሻይም አፍሉልኝ።

የአማርኛ መምህራችን ወዲያው መለሱ፦

ሥጋ የሌለውን ምኑን ነካው ብርዱ፣
ጥርስ ብቻ ይዛችሁ ከደጃችን ሂዱ።

ሩብ ሰዓት ያህል ተመላልሰን ግጥም ያለቀብን እኛ ነን። በሩ ተከፈተ፤ ሻይና ዳቦም ከኪሳችን ወጣ።

ከገና በኋላ ወደ ዘመን አቆጣጠር ገባን። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1752 አቆጣጠሯን ስትቀይር 11 ቀን ዘለለች፤ ከሴፕቴምበር 2 ማግሥት 14 ሆነ። በፔምብሩክሽር የሚገኘው የግዋይን ሸለቆ ነዋሪዎች ግን አሮጌውን አዲስ ዓመት አልተዉም፤ ልጆቻቸው ዛሬም ጃንዋሪ 13 ቀን በየቤቱ እየዘመሩ ጣፋጭና ሳንቲም ይሰበስባሉ። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ የእኛ ገና ጃንዋሪ 7 የሚውለውም በዚያው በአሮጌው ስሌት መሆኑን በሰሌዳ ላይ አስልታ አሳየችን።

መዝጊያችን የአጨዳ ጨዋታ ነበር። ዌልሾች ድሮ የመጨረሻዋን ጭብጥ እህል ሳያጭዱ ይተዉና ከርቀት ማጭድ እየወረወሩ ይቆርጧት ነበር፤ የቆረጣት ሰው ጎንጉኖ ወደ ቤት ይዟት ሲገባ ሴቶቹ ውኃ ይዘው ይጠብቁት ነበር። ሳትረጥብ ካስገባት በእራት ላይ ይከበር ነበር። ማጭዱን ርእሰ መምህሩ ስላልፈቀዱ በኳስ ተካነው፤ ውኃው ግን አልቀረም። ያሸነፈው ልጅ ጉንጉኗን በላስቲክ ጠቅልሎ ነው የገባው፤ ይፈቀዳል አይፈቀድም የሚለው ክርክር እስካሁን አልተቋጨም።

ከትምህርት ቤቱ ክሊኒክ የተዋስነው አንሶላ ታጥቦ ተመልሷል። የአዲስ አባላት ምዝገባ መስከረም ላይ ነው።