ትል የቆጠረ ልጅ

ለአዘጋጁ፦

በኮሮና ጊዜ ልጆች ላይ ስለደረሰው ጭንቀት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። ምክሩ በአብዛኛው «ልጆቻችሁን አነጋግሩ» የሚል ነው። ችግሩ፣ የ8 ዓመት ልጅ ቁጭ አድርገው «ምን ተሰማህ?» ሲሉት ዝም ይላል።

መጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጄ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከቴሌቪዥን ጋር ተፋጦ ቀረ። እንቅልፉ ተዛባ፣ ነጭናጫ ሆነ። ክረምት ሲገባ ግቢው ጥግ ካለችው ሣር ሥር የመሬት ትል አገኘ። ሰናፍጭ በውሃ በጥብጠን አፈሩ ላይ አፈሰስን። ሰናፍጭ ትሉን ስለሚያቃጥለው ወደ ላይ ይወጣል። አሥራ አንድ ቆጠረ። በንጹህ ውሃ አጥቦ እዚያው መለሳቸው። ማታ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ አስተማሪውን እንደናፈቀ ነገረኝ። እጁ ሥራ ሲይዝ አፉ ተፈታ።

ቁም ነገር የሌለው ጨዋታም አይደለም። ትል አፈሩን እየበሳ ውሃና አየር ያስገባል፣ ኩሱም ማዳበሪያ ነው። የተፈጥሮ ተመራማሪው ዳርዊን እንኳን ትሎች ይሰሙ እንደሆነ ለማወቅ ልጁን ባሱን የሚባል የትንፋሽ ሙዚቃ መሣሪያ አስነፍቷል፣ ሚስቱን ፒያኖ አስመትቷል። (አልሰሙም።) ትል መቁጠር ኢንተርኔትም አይጠይቅም፤ ያኔ በቴሌግራም የሚላከው ትምህርት ስንቱን ልጅ አልፎት እንደሄደ እናውቃለን።

በጭንቀት ክፉኛ ለተጎዳ ልጅ ግን ባለሙያ ያስፈልገዋል፤ ትል አይተካውም።

ትምህርት ቤቶች ከዘንድሮው ክረምት ጀምረው ለየተማሪው አንድ ገጽ ቅጽ ይስጡ፦ 30 በ30 ሳንቲ ሜትር መሬት፣ ቀኑ፣ ዝናቡ፣ የትሉ ብዛት። ትምህርት ቤት ድንገት ቢዘጋም ቅጹ ቤት ውስጥ ይገኛል።

አንድ አባት፣ ከአዲስ አበባ