«መሬቱ እየተነፈሰ ነው» የሚለው ማጽናኛ

ውድ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

በ2017 ዓ.ም. አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ሲንቀጠቀጥ፣ ታክሲ ውስጥም ቡና ቤትም የምሰማው ማጽናኛ አንድ ነበር። «ትንንሹ ሲበዛ ጥሩ ነው፣ መሬቱ ይተነፍሳል፣ ትልቁ አይመጣም።» ዛሬም ይባላል። የሕንጻ ሥራ ላይ የምውል ሰው ነኝና ይሄ አባባል ያስፈራኛል።

እስኪ ሂሳቡን እንየው። በመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያው አንድ ቁጥር ሲጨምር የሚለቀቀው ኃይል ወደ 32 እጥፍ ያድጋል። ስለዚህ የአንድ 6 ነጥብ 0 ኃይል በትንንሹ ይውጣ ከተባለ፣ 4 ነጥብ 0 የሚሆን መንቀጥቀጥ አንድ ሺህ ጊዜ ያህል መምጣት አለበት። የሆነውንም አይተናል። ለወራት ሲነቀንቀን ከርሞ የካቲት 7 ማታ 6 ነጥብ 0 መጣ።

ዐለት ግትር ይመስላል እንጂ ሲገፋና ሲሳብ በጥቂቱ ይለጠጣል፣ የተሳበበትንም ጉልበት አምቆ ይይዛል። ይሄ የታወቀው በ1906 እ.ኤ.አ. ሳን ፍራንሲስኮ ከተመታች በኋላ ነው። መሬቱ የተላቀቀበትን ስንጥቅ አቋርጠው ያልፉ የነበሩ የእርሻ አጥሮች ተቆርጠው፣ አንዱ ጫፍ ከሌላው በሜትሮች ርቆ ተገኘ፤ ሃሪ ፊልዲንግ ሪድ የተባለ ምሁር ከአደጋው በፊትና በኋላ የተደረጉትን የቅየሳ ልኬቶች ሲያነጻጽር፣ መሬቱ ለረጅም ጊዜ ቀስ እያለ ሲጎብጥ ኖሮ በዚያች ቅጽበት መላቀቁን አየ።

እዚያ ሁለቱ ወገን ጎን ለጎን ይተላለፋል። የእኛ ስምጥ ሸለቆ ግን ወደ ግራና ቀኝ እየተሳበ ነው፣ በዓመት በጥቂት ሚሊ ሜትር። ዐለቱ መለጠጡን ሲያቅተው ይሰነጠቃል፣ አንዱ ወገን ቁልቁል ይንሸራተታል። ጣርማ በር ላይ ቆሞ ወደ ታች ያየ ሰው ያየው ይሄንኑ ነው፤ ያ ሁሉ ገደል እንዲህ ባለው መንሸራተት ብዛት የተሠራ ነው። በዚያው ጠርዝ ላይ ካራቆሬና ማጀቴ በ1953 ዓ.ም. ክፉኛ ተመቱ። መጋቢት 1961 ደግሞ አፋር ውስጥ ሰርዶ ፈረሰች።

ፈንታሌ ላይ ሌላም ነገር አለ። ከታች የሚመጣ ቅልጥ ዐለት ስንጥቁ ውስጥ ሰርጎ እየገባ ግራና ቀኙን ይገፋል። መስከረም 1998 አፋር ውስጥ ዳባሁ አጠገብ እንዲሁ ሆኖ፣ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው መሬት በሳምንታት ውስጥ ተከፈተ፣ በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር! አንዱ ቦታ ሲላቀቅ ደግሞ ጫናው በሙሉ አይጠፋም፣ ከፊሉ ወደ ጎረቤቱ ዐለት ይዞራል። «ተነፈሰ» የምንለው እዚህ ሲቀል እዚያ የከበደ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ቀን ቆርጠው «በዚህ ሳምንት ይመጣል» የሚሉትም እንደዚያው መሠረት የላቸውም። ቀኑን የሚያውቅ የለም። የምናውቀው ኮለናችንን፣ ሕንጻውን የተሸከመውን የአርማታ ምሰሶ ነው።

ሳይት ላይ ደጋግሜ የማየው ልንገራችሁ። ፌሮውን አቅፎ የሚይዘው ስታፋ ጫፉ ወደ ኮለኑ ውስጥ 135 ዲግሪ መታጠፍ ሲገባው፣ ሥራው እንዲፈጥን 90 ላይ ይተዋል። አርማታ ከተሞላ በኋላ ማንም አያየውም። ሲንቀጠቀጥ ግን የላዩ አርማታ ይረግፋል፣ ስታፋው ይከፈታል፣ ፌሮው ወደ ውጭ ይጎብጣል፣ ኮለኑም ያልቅለታል። ኮለንና ቢም የሚገናኙበት ቦታ ላይ ስታፋው መጠጋጋት ሲኖርበት አራርቀው የሚያስሩም አሉ። ምድር ቤቱ ለሱቅ ተብሎ ግድግዳ አልባ የሆነ፣ ከላይ ግን በብሎኬት የተሞላ ሕንጻማ በየመንገዱ ነው፤ ሲነቀነቅ ጉዳቱን የሚቀበለው ያው ክፍት የሆነው ታችኛው ፎቅ ነው።

የሕንጻ ደንቡ አለ፣ ስለ መሬት መንቀጥቀጥም ይናገራል። ስለዚህ ጋዜጠኞቻችሁን አርማታ ከመሞላቱ በፊት ወደ ሳይት ላኩልን። ፎቶ አንሱ፣ ተቆጣጣሪውን «ይሄን ስታፋ አይተህ ነው የፈረምከው?» ብላችሁ ጠይቁት፣ መልሱንም አትሙት።

አንባቢያችሁ፣ ከአዳማ