ሽርሽሩን ልንገርሽ

ውድ እህቴ፣

አንቺ፣ እማዬ፣ ባለቤትሽ እንደምን ናችሁ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሰላምታውን በዚሁ ልተወውና ወደ ነገሬ ልግባ።

የጀልባ ላይ ፎቶዬን አይቶ አጎታችን «ለእህቱ ሰርግ መምጫ ያጣ ልጅ ለሽርሽር አላጣም» ማለቱን ሰማሁ። አንቺም ከዚያ ወዲህ ስደውል አታነሺም። እሱ ቢል አይገርመኝም። ያንቺ ዝምታ ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

እኔ ጨክኜ የቀረሁ መስሎሻል? የያዝኩት የስደተኛ የጉዞ ሰነድ ሌላ አገር ያስኬዳል፣ ወደ ኢትዮጵያ ግን አያስኬድም። አገሬ መግባት እፈራለሁ ብዬ ጥገኝነት ጠይቄ መልሼ እዚያው ከታየሁ የመኖሪያ ፈቃዴን ሊነጥቁኝ ይችላሉ። ይህን ለእማዬ አልነገርኳትም። አንቺም እንዳትነግሪያት።

ጉዞውን የጋበዘኝ አብሮኝ የሚሠራ ኖርዌያዊ ነው። መኪናው የሱ ነው፣ ነዳጅ ተካፈልን፣ የተኛነው ድንኳን ውስጥ ነው። ከኦስሎ ተነስተን ወደ ሰሜን ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ ሄድን። የአርክቲክን ክበብ አልፈን ስንርቅ ፀሐይ መጥለቋን ተወች። በእኩለ ሌሊት መጽሐፍ ይነበባል። እማዬ እዚህ ብትሆን ዓይኗን ሳታስጨንቅ ዳዊቷን ትደግም ነበር አልኩ።

የደረስንበት ከተማ አንደኔስ ይባላል፣ አንዶያ የሚባል ደሴት ጫፍ ላይ። ከወደቡ ብዙም ሳይርቁ ባሕሩ በአንዴ ገደል ይገባል፣ ጥልቀቱ ከ1,000 ሜትር ያልፋል። ስፐርም ዌል የሚባሉት ዓሣ ነባሪዎች እዚያ ጨለማ ውስጥ ገብተው ምግባቸውን ያድናሉ። የጀልባው ሰዎች ማይክሮፎን ውኃ ውስጥ ከተው የዓሣ ነባሪውን ድምፅ አሰሙን። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። ድምፁ ሲቋረጥ «ሊወጣ ነው» አሉን። ወጣ! መጀመሪያ ያየሁት ትንፋሹን ነው፣ ወደ ግራ ያዘነበለ ጉም። ከዚያ ጀርባው፣ እንደ እርጥብ ቁርበት የተሸበሸበ። ጥቂት ደቂቃ ሲተነፍስ ቆየና ጭራውን ሽቅብ አንስቶ ሰመጠ። ዮናስን አስቢው።

አስጎብኚዋ ስትናገር ግን ሆዴ ተላወሰ። እዚህ የሚመጡት ወንዶቹ ብቻ ናቸው አለች። ሴቶቹና ግልገሎቹ ሞቃት ባሕር ውስጥ አብረው ይኖራሉ። ወንዱ ከፍ ሲል ከእናቱ ተለይቶ ምግብ ፍለጋ ወደ ብርዱ ይወጣል። ሰዉ ሁሉ ፎቶ ሲያነሳ እኔ ያንቺ ሰርግ መጣብኝ። ሙሽራው ሲመጣ በሩ ላይ ቆሞ አላስገባም ማለት የኔ ተራ ነበር። ማን ቆመልሽ? ማንስ ጉልበት ስትስሚ ከእማዬ ጎን ነበር? ቪዲዮውን ቆርጠሽ አትላኪልኝ፣ ሙሉውን ላኪው። የእማዬን ጭፈራ ማየት እፈልጋለሁ።

ወፉማ ስንቱ ተቆጥሮ! ፓፊን የሚሏቸው፣ ምንቃራቸው ባለ ቀለም፣ ብሌይክሶያ የምትባል ቋጥኝ ደሴት ላይ በሺዎች ይሰፍራሉ። እኔን የያዘችኝ ግን ሌላ ናት። መንገድ ላይ ረግረግ ሜዳ አጠገብ ቡና ልናፈላ ስንቆም አንዲት ደረቷ ቢጫ ወፍ ጭራዋን ሽቅብ ቁልቁል እያወዛወዘች አለፈች። አወቅኳት! ከመስከረም በኋላ ከላሞቻችን እግር ሥር ነፍሳት የምትለቅመዋ ናት። ጓደኛዬ የወፍ መጽሐፉን ገልጦ ካርታውን አሳየኝ። እዚህ ትፈለፍላለች፣ ብርዱ ሳይመጣ አፍሪካ ትወርዳለች፣ ኢትዮጵያም ቀለም ተቀብታ አለችበት። ቡናዬ እስኪቀዘቅዝ ካርታውን አየሁት። ጓደኛዬ ገባው መሰል ምንም አልጠየቀኝም።

አሁን ወደ እማዬ። የላክሁት ብር ለዓይኗ ነው፣ ለሌላ እንዳታውሉት። የዓይን ግፊት ሳያሳምም ነው ዓይን የሚያጠፋው። «ደህና ነኝ» ብትልሽ አትስሚያት። ጠብታው ሳያልቅ ግዢ፣ ቀጠሮዋን አንቺው ውሰጃት። ስለኔ ሥራ ብዛት ምናምን ብትጠይቅሽ ቀላል ነው በያት።

ደግሞ ፓስፖርቷን አስጀምሪላት። ያንቺንም። የመግቢያ ፈቃድ ካገኘሁ በሚቀጥለው ዓመት ናይሮቢ እንገናኛለን ብዬ እያጠራቀምኩ ነው። ባለቤትሽም ይምጣ፣ ሳላየው ያገባሽን ሰው ልየው። ለአጎታችን የሰነዱን ነገር አንቺው ንገሪው፣ እኔ በስልክ ብነግረው እንጣላለን።

እሁድ እደውላለሁ። አንሺ።

ወንድምሽ