ባልትና የሚያስተምሩ መምህራን የሕፃናት ወተት ቆርቆሮ ማንበብም ይማሩ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ሐዋሳ ውስጥ ለ27 ዓመት ባልትና፣ ኋላም ሳይንስ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ባለፈው ወር አንዲት የድሮ ተማሪዬን ልጠይቅ ሄድኩ። ጥልፏ ከክፍሉ ሁሉ ያምር ነበር። ዛሬ አያት ሆናለች። ልጇ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ትሰፋለች፤ የወሊድ ፈቃዷ ስላለቀ የአራት ወሩን ሕፃን የምታውለው አያትየዋ ናት።

ጡጦው ውስጥ ያለው የዱቄት ወተት ውኃ ውኃ ይላል። ስንት ማንኪያ እንዳደረገች ጠየቅኳት።

«አንድ ነው፣ ቲቸር። የታዘዘውን ሦስቱን ካደረግሁማ ቆርቆሮው ሳምንት አይደርስም።»

ቆርቆሮው ላይ 2 ቁጥር ተጽፏል። ከስድስት ወር በላይ ላለ ልጅ ማለት ነው። እሷ ግን እንደ ጤፍ «ሁለተኛ ደረጃ» መስሏት፣ ረከስ ይላል ብላ ነው የገዛችው። የልጁ ክንድ እንጨት አክሏል። ያኑ ዕለት ጤና ጣቢያ ወሰድነው፤ አሁን ክብደቱ እየተመለሰ ነው።

ያቺን ሴት ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ዳቦ መጋገር፣ ልብስ ቀዶ መስፋት፣ ጠረጴዛ ማሰናዳት አስተማርኳት። የልጅ ዕቃ ሲገዛ ምን እንደሚነበብ፣ ምን እንደሚሰላ ግን አላስተማርኳትም፤ እኔንም በሥልጠናዬ ያስተማረኝ አልነበረም። ይህ ያንገበግበኛል።

ስሌቱ ለሰባተኛ ክፍል ተማሪ እንኳ አይከብድም። በዱቄት ወተት ብቻ የሚያድግ ልጅ ለመጀመሪያው ስድስት ወር 20 ኪሎ ያህል ያስፈልገዋል። ባለ 400 ግራም ቆርቆሮ ከሆነ 50 ቆርቆሮ ነው። የአንዱን ዋጋ በ50 አባዝታችሁ ከአንዲት ልብስ ሰፊ ደመወዝ ጎን ሰሌዳው ላይ ጻፉት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ (ቁጥር 1156/2011) ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው 90 ቀን ነው፤ የጤና ባለሙያዎች ደግሞ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ይላሉ። በመሃሉ ያለው ሦስት ወር በምን ይሸፈናል? የጡቷን ወተት ጨምቃ በንጹሕ ዕቃ ትታ መሄድ እንደምትችል የተማሪዬን ልጅ ማንም አልነገራትም።

ሕጉም መታወቅ አለበት። የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1981 ባጸደቀው ደንብ የሕፃናት ዱቄት ወተት ለሕዝብ እንዳይተዋወቅ፣ ቆርቆሮው ላይም የሕፃን ሥዕል እንዳይኖር ይላል። በአገራችን አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደግሞ ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው። ይህን የምታውቅ እናት ባለሱቁን ደፍራ ትጠይቃለች።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለመምህራን ማሠልጠኛዎች ነው፤ እዚሁ ሐዋሳም የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ አለ። በክረምት ለሥልጠና የሚመጡ መምህራን ሁለት ቀን እንኳ ገበያ ይውጡ። ዳይፐር በማሸጊያው ሳይሆን በፍሬ ስንት እንደሚወድቅ ያስሉ፤ የታሸገ የልጅ ምግብን እቤት ከሚፈጨው ምጥን፣ ሐይቁ ዳር ካለው ከአሞራ ገደል ገበያ ዓሣ ጋር በኪሎ ያወዳድሩ። ወንዶቹም ይግቡበት፤ ከሱቅ ገዝቶ የሚመጣው ብዙ ጊዜ አባት ነው።

ከጎረቤት የለቀምኳቸው 11 ባዶ ቆርቆሮዎች ጽሑፋቸው ሳይላጥ እቤቴ አሉ። ለማስተማሪያ የሚፈልግ ካለ ተሸክሜ አመጣለሁ፤ የመጀመሪያውንም ክፍለ ጊዜ ያለ ክፍያ አስተምራለሁ።

ጡረተኛ የባልትና መምህርት፣ ከሐዋሳ