መቀስ ካላመጡ የማይወጣው ጩቤ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ ላይ የወጣውን የአንዲት እናት ደብዳቤ ሁለቴ አነበብኩት። መጀመሪያ አውቶቡሴ ውስጥ ልጆቹ እስኪወጡ ስጠብቅ፣ ኋላ ማታ ለባለቤቴ ጮክ ብዬ። ልጃቸው ሰመር ላይ ከአባቱ ጋር ዓሣ ሊያጠምድ ሲሄድ የያዛትን ሰንጢ ከቦርሳው ኪስ ሳያወጣ ትምህርት ቤት ይዟት ገባ። ተገኘችበት፣ ታገደ። እዚያው ክፍል ውስጥ ግን አንድ የሲክ ልጅ (ሲክ ከህንድ የተነሳ ሃይማኖት ነው) «ጩቤ ታጥቆ» እንደሚማር ሰሙ። «የእኛ ልጅ ሲይዘው ጥፋት፣ የህንዱ ልጅ ሲይዘው ሃይማኖት?» ብለው ጠየቁ።

እህቴ፣ ንዴትዎ ይገባኛል። እኔም እዚህ ካናዳ፣ ብራምፕተን ከተማ ውስጥ የትምህርት ቤት አውቶቡስ መንዳት የጀመርኩ ሰሞን ከተሳፋሪዎቼ አንዱ ኪርፓን፣ ማለትም ሲኮች ለእምነታቸው የሚታጠቁትን ጩቤ፣ እንደሚይዝ ሲነገረኝ ደስ አላለኝም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ዓይኔ ከመስታወቱ አልተነቀለም። ልጁ አሥር ዓመቱ ነው፤ ፀጉሩን በጥቁር ጨርቅ ጠቅልሎ መስኮት ጋ ይቀመጣል፣ እንቅልፉን ይለጥጣል። አሁን አሥራ አንድ ዓመት ነዳሁ። በእኔ አውቶቡስ ደም የፈሰሰው አንዴ ብቻ ነው። በብረት የውሃ ጠርሙስ። ጠርሙሱን ያነሳው ደግሞ የእኛው ሐበሻ ልጅ ነበር፤ እናቱን አውቃታለሁ፣ ስለዚህ ዝርዝሩን ልተወው።

ጎረቤቴ ሲክ ነው፣ የጭነት መኪና ይነዳል። የተግባባነው በረዶ ስንጠርግ ነው። አንድ ቀን ሻይ ጠርቶኝ ቤቱ ተቀምጠን «አትቀየመኝ፣ ያ ልጅህ የሚይዘው ነገር ምን ዓይነት ነው?» አልኩት። አልተቀየመም። ሚስቱን ጠራና አመጣችው። ከትከሻ ወደ ወገብ የሚወርድ የጨርቅ መታጠቂያ አለው። ጫፉ ላይ ወፍራም ጨርቅ ተጠቅልሏል፣ ዙሪያውን በፍራሽ ክር በሚመስል ነገር ጥቅጥቅ ተደርጎ ተሰፍቷል። ውስጡ የእንጨት ሰገባ አለ። ሰገባው ውስጥ ነው ኪርፓኑ። ስቴክ መቁረጫ ቢላዋ ያህላል፣ እንደነገረኝ ከሆነ። እንደነገረኝ የምለው ስላላየሁት ነው። «ሞክር፣ አውጣው» አለኝ። ጎተትኩ። ክሩን በጥፍሬ ቧጠጥኩ። ጥርሴን ልጠቀም ሁሉ ቃጣኝ። ሚስትየዋ እየሳቀች «መቀስ ካላመጣሁልህ አይወጣም» አለችኝ።

መቀስ ደግሞ የትኛውም ክፍል ውስጥ በጣሳ ሙሉ ተቀምጧል።

እንዲህ መሰፋቱ የጎረቤቴ ሚስት ፈጠራ አይደለም። ፍርድ ቤት ያዘዘው ነው። ነገሩ የተጀመረው ሞንትሪያል፣ ላሳል በሚባለው ሰፈር ነው። ኖቬምበር 2001 አንድ የሲክ ልጅ ግቢ ውስጥ ኪርፓኑ ከልብሱ ሾልኮ ወደቀበት። የትምህርት ቦርዱ መጀመሪያ «ይሰፋና ይያዘው» አለ፣ ቤተሰቡም ተስማማ። የትምህርት ቤቱ ምክር ቤት ግን መሣሪያ ክልክል ነው ብሎ እምቢ አለ፤ የበላዮቹም አጸኑት። በ2002 የኩቤክ ክፍለ ሀገር ፍርድ ቤት ለልጁ ፈረደ። በ2004 ይግባኝ ሰሚው ገለበጠው። ማርች 2 ቀን 2006 የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መልሶ ገለበጠው፤ በምክንያቱ ቢለያዩም ስምንቱም ዳኞች ለልጁ ነው የፈረዱት። ልጁ በመሃል ትምህርት ቤቱን ለቆ የግል ትምህርት ቤት ገብቶ ነበር። ይቺ ይቺ አይነገርላትም።

ዳኞቹ ያሉት ባጭሩ እንዲህ ነው። ትምህርት ቤት ልጆችን መጠበቅ አለበት። ግን ፍጹም አደጋ የሌለበት ቦታ የለም፤ እንዲያ ከተፈለገ መቀሱም፣ እርሳሱም፣ የቤዝቦል ዱላውም ይሰብሰብ። ሲኮች ካናዳ ውስጥ መማር ከጀመሩ መቶ ዓመት አልፏል፣ በኪርፓን ትምህርት ቤት ውስጥ ተጎዳ የተባለ ሰው በመዝገቡ የለም። ስለዚህ ጨርሶ መከልከል አይገባም፤ የ2002ቱ ፍርድ ቤት ያዘዛቸው ሁኔታዎች ይበቃሉ፦ ከልብስ ሥር ይሁን፣ ሰገባው ከእንጨት ይሁን፣ ይሰፋ፣ ልጁ ከራሱ አይለየው፣ ከጠፋ ወዲያው ይናገር፣ ትምህርት ቤቱም በአግባቡ ይፈትሽ። እኛ ዘንድ፣ ብራምፕተን ባለችበት በፒል አካባቢማ ጉዳዩ ቀድሞ በ1990 ነው የተወሰነው፤ ቦርዱ ተከስሶ ተረታ።

ነገሩ «የህንዱ ልጅ» ስለሆነም አይደለም። ህንዱ ሁሉ ሲክ አይደለም፣ ሲኩም ሁሉ ኪርፓን አይዝም። የሚይዙት ተጠምቀው ኻልሳ ወደሚባለው ማኅበር የገቡት ናቸው። ከ1699 ጀምሮ አምስት ነገር ከሰውነታቸው አይለይም፦ ያልተቆረጠ ፀጉር፣ የእንጨት ማበጠሪያ፣ የብረት አምባር፣ ለየት ያለ ቁምጣ፣ ኪርፓን። ደብረ ብርሃን ስማር የሒሳብ አስተማሪያችን ጥምጥም ያላቸው ህንድ ነበሩ። ሰሌዳ ላይ ሲጽፉ አምባራቸው ቀጭ ቀጭ ይል ነበር። እኛ ጥምጥማቸው ውስጥ ምን እንደደበቁ ስንወራረድ አልጄብራው አለፈን። በዚያ ብርድ አገራቸውን ትተው መጥተው ያስተማሩንን ሰው አምባርዎን ያውልቁ ያላቸው የለም። ቅጽል ስም ማውጣቱን ግን አልተውንም።

አሁን ወደ ራሴ ቤት ልምጣ። ልጄ ሁለተኛ ክፍል ሳለች አንድ ቀን ዓይኗ አብጦ መጣች። ማተቧ አንገቷ ላይ የለም። ከጃኬቷ ኪስ ውስጥ የተበጠሰ ጥቁር ክር አወጣች። የስፖርት አስተማሪዋ «የአንገት ጌጥ ሁሉ ይውለቅ» ብላለች። ልጄ መፍታቱ ሲያቅታት፣ መዘግየቱም ሲያሳፍራት ጎትታ በጠሰችው። ባለቤቴ ቤቱን በእንባ አጠበችው። እኛ ዘንድ ማተቡን በጠሰ የሚባለው ስለ ማን እንደሆነ አንባቢ ያውቃል። ልጅቷ ገና በሰማንያ ቀኗ ስትጠመቅ የታሰረላት ነው።

በነጋታው ሄድኩ። ከእንግሊዝኛዬ ጋር እየታገልኩ ጌጥ እንዳልሆነ አስረዳሁ። ርእሰ መምህሯ ሰማችኝ። አስተማሪዋ ተጠራች፤ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ክሩ ገመድ ላይ ተይዞ እንዳያንቃት ነው የፈራችው። ልክ ናት፣ እኔ ይህን አላሰብኩትም ነበር። ከዚያ ርእሰ መምህሯ ከመሳቢያዋ አንድ መመሪያ አወጣች። ጾም አለ፣ ሒጃብ አለ፣ የጸሎት ሰዓት አለ። ኪርፓን ለብቻው አንድ ገጽ ይዟል። ማተብ የለም። እስክሪብቶ አንስታ ከኪርፓኑ ገጽ ግርጌ በእጇ ጻፈችው፣ ፊደሉን እኔ እየነገርኳት። ስፖርት ሲኖር ማተቡ ቆዳዋ ላይ በፕላስተር ይለጠፋል፣ ከላይ ካናቴራ ይለበሳል። አለቀ። ልጄ አሥራ ሁለተኛን እስክትጨርስ እንዲያ ነው የኖረችው።

ያ ገጽ ከሰማይ አልወረደም፣ እህቴ። የሲክ አባቶችና እናቶች ጠበቃ ቀጥረው፣ ከሥራ ቀርተው፣ በየጋዜጣው ተሰድበው ያስጻፉት ነው። እኔ የራሴን ለማስጻፍ የፈጀብኝ አንድ ጠዋት ነው። ምክንያቱ ይኸው ነው።

አደጋ የለውም ብዬ አልከራከርዎትም። በ2021 አውስትራሊያ፣ ሲድኒ ውስጥ አንድ ተማሪ በኪርፓን ሌላውን ወግቷል። መንግሥት ወዲያው ከለከለ፣ ከወራት በኋላ ሁኔታዎቹን አጥብቆ መልሶ ፈቀደ። እዚህም ገደብ አለው። አውሮፕላን ላይ ስለቱ ከ6 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ይባላል፤ ወደ አሜሪካ ከሆነ ጭራሽ አይቻልም። የኩቤክ ሕግ አውጪ ምክር ቤት በ2011 ኪርፓን የያዙ ሲኮችን ከበሩ መልሷል። ይህን ሁሉ መከራከር ይቻላል። እኔ የማይዋጥልኝ ልጃችን ስለታገደ የጎረቤት ልጅም ይታገድ የሚለው ነው።

በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2017 ዓ.ም. አክሱም ላይ ሒጃብ የለበሱ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታ ሲከለከሉ፣ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ውስጥ ከጓደኞቼ ጋር ተጨቃጭቄ ቡናዬን ሳልጠጣ ወጥቻለሁ። «እዚያ እኮ ሌላ ነው» አሉኝ። ግማሾቹ የልጆቻቸውን የጾም ቀን ለትምህርት ቤት በደብዳቤ ያሳወቁ ሰዎች ናቸው።

የእርስዎ ልጅ ነገር ግን ያንገበግበኛል፣ እውነቴን ነው። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሰንጢ ቦርሳው ውስጥ ረሳ። የኦንታሪዮ ሕግ መሣሪያ የያዘ ተማሪ ይታገድ ይላል፣ ርእሰ መምህሩ ዝም ብሎ ማለፍ አይችልም። ነገሩ ግን እዚያ ላይ አያበቃም። እገዳው ምርመራ አለው። በምርመራው ላይ የልጁ ዕድሜ ይታያል፣ ያለፈ ጠባዩ ይታያል፣ እንዴት ሊይዘው እንደቻለ ይጠየቃል። እርስዎም ይጠየቃሉ፤ አባቱም ስለ ዓሣው መናገር ይችላል። የዓሣ ማጥመጃ ፈቃዱ ካለ ይዞት ይሂድ። ከዚያ በኋላ ርእሰ መምህሩ እገዳውን ሊያጸናው፣ ሊያሳጥረው ወይም ጨርሶ ከመዝገብ ሊሰርዘው ይችላል። ካጸናውም ይግባኝ አለ። የእኛ ሰው ግን ከትምህርት ቤት ወረቀት ሲመጣ ይፈርምና ማልቀስ ይጀምራል። እኔም ያኔ ለማተቡ ባልሄድ ኖሮ ይኸው ነበርኩ።

በደብዳቤዎ ውስጥ ምርመራው አለቀ ወይስ አላለቀም የሚል አላየሁም። አስተርጓሚ ይጠይቁ፣ የሚከለክልዎት የለም። አብሮዎት የሚገባ ሰው ከፈለጉ ደግሞ አዘጋጁ ጋ ስልኬን ትቻለሁ፤ ከጠዋቱና ከከሰዓቱ ጉዞ መካከል ነፃ ነኝ። እገዳው ከጸና ስለ ይግባኙ በወረቀት ይነገርዎታል። ቀኑ ሳያልፍ ይዩት።

የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር
ብራምፕተን፣ ኦንታሪዮ