የሰብለ የሠርግ ገንዘብ ለምን እንዳነሰ

ይድረስ ለተከበሩ አባቴ፣ ደብረ ብርሃን

አባዬ፣ ሰላምታውን ባጭሩ ልለፈው። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ናሆምም አባቱም ደህና ናቸው። ከገና ወዲህ ድምፄ መጥፋቱን አውቃለሁ። እማዬ "ታማብኝ ይሆናል" ብላ ስለት ልትገባ እንደነበር ዳዊት ነግሮኛል። አልታመምኩም። የምለው ጠፍቶኝ ነው።

ዳዊት፣ ይህን የምታነብላቸው አንተ ስለሆንክ አንድ ነገር ልለምንህ። ሳትዘል አንብብ። የኪራዩን ወሬ ግን እማዬ ባለችበት አታንሳው።

የላክሁት ብር ከተባለው ማነሱን ሰብለ ምንም አላለችም። እርስዎ ግን የድምፅ መልእክቴን ሰምተው "አንድ ልጅ ፊደል ለመቁጠር ስንት ኪራይ ይፈጃል? መንግሥት በነፃ ነው የሚያስተምረው ትል አልነበር?" ብለዋል አሉ። እውነትዎን ነው፣ ብዬ ነበር። ዕድሜ ልክዎን ጠመኔ ይዘው የኖሩ ሰው ስለሆኑ ነገሩ ከሌላው ይልቅ ለእርስዎ ይገባዎታል ብዬ ነው ደብዳቤ የያዝኩት። በስልክ አያልቅም።

ትምህርት ቤቱ አሁንም በነፃ ነው። ዋጋ የምንከፍለው ለሰፈሩ ነው።

ዋሽንግተን ውስጥ ሮክ ክሪክ የሚባል ረጅም ደን አለ። ከደኑ በስተ ምዕራብ ነጮችና ገንዘብ ያላቸው ይበዛሉ። በምሥራቅ በኩል ደግሞ አናኮስቲያ የሚባል ወንዝ አለ። ከወንዙ ማዶ ያለው ሰው በአብዛኛው ጥቁር ነው፤ ድህነቱም የጠናው እዚያ ነው። እኛ እስካለፈው ክረምት የኖርነው ከወንዙ ማዶ ነበር። ኪራዩ የሚቀመስ ነበር። የሰብለን የኮሌጅ ክፍያ የከፈልኩት በዚያን ጊዜ ነው፣ ያስታውሱ እንደሆነ።

እዚህ ልጅ ከመዋዕለ ሕፃናት መጨረሻ ጀምሮ በአድራሻው የተመደበለት ትምህርት ቤት አለው። ማንም አይከለክለውም። ያንን ካልወደድክ ዕጣ ትገባለህ ይሉሃል። ከ2014 ጀምሮ (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) የመንግሥቱም የቻርተሩም ትምህርት ቤቶች በአንድ ቅጽ ይመረጣሉ። ቻርተር የሚባሉት በመንግሥት ገንዘብ የሚተዳደሩ፣ ግን ራሳቸውን ችለው የሚሠሩ ናቸው። ከከተማው ተማሪ ግማሽ የሚጠጋው እነሱ ጋ ነው። እስከ 12 ትምህርት ቤት በቅደም ተከተል ትጽፋለህ፣ ኮምፒውተር ቁጥር ያወጣልሃል። መረጃው በአማርኛም አለ። አማርኛችን ከ2004 ሕግ ወዲህ ይህች ከተማ ከምታስተናግድባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። መጀመሪያ ሳየው፣ አልዋሽዎትም፣ ደረቴ ነፋ ብሏል።

እንግዲህ ምርጫ ነው ይባላል። አባዬ፣ ምርጫው እንዲህ ነው። ከደኑ ማዶ ያሉት ትምህርት ቤቶች በሰፈራቸው ልጆች ይሞላሉ። ለእኛ የሚተርፈው ወንበር እፍኝ አይሞላም። ወንድምና እህት ያለው ይቀድማል። ከቀናህ ደግሞ ራስህ ታመላልሳለህ። አውቶቡሱና ባቡሩ ለተማሪ ነፃ ነው፤ ግን የስድስት ዓመት ልጅ ብቻውን ከተማ ይሻገር? ውጤቱ መጋቢት መጨረሻ ላይ ወጣ። የናሆም አባት መኪናውን ዳር ይዞ ስልኩን ከፈተው። ስማቸውን በቃል ያጠናናቸው ትምህርት ቤቶች ከላይ እስከ ታች ተደርድረዋል። አጠገባቸው "ተጠባባቂ"፣ "ተጠባባቂ"፣ "ተጠባባቂ"። የአንደኛው ተራ ቁጥር ባለ ሦስት አሃዝ ነበር። ስልኩን ዘግቶ "ይሁና" አለና ወደ ሥራው ነዳ። በቃ።

ዕጣ ያልሰጠንን በኪራይ ገዛነው። ከደኑ ማዶ የተከራየነው አንድ መኝታ ቤት ያለው ነው። ናሆም መኝታ ቤቱን ይዟል፣ እኛ ሳሎን ነን። ይመቻል። ለእኔ ሥራም ይቀርበኛል።

"ከጥቁሮች ሸሽታ ነው" የሚል ወሬ ደግሞ ከማን እንደመጣ አውቃለሁ። ከእርስዎ አይደለም። እዚህ ከቅዳሴ በኋላ ቡና ላይ ስንቀመጥ "ልጅሽን ጥቁር አሜሪካዎቹ ያሉበት አታስገቢው" የሚሉ እናቶች አሉ። እነሱው ናቸው ወሬውን ደብረ ብርሃን ያደረሱት። ቅጹ ላይ ዘር ሲጠየቅ የናሆም ሳጥን ግን የነዚያው ልጆች ሳጥን ነው። ሌላ ሳጥን የለንም። ፖሊስም ሲያየው ከደብረ ብርሃን ነው ብሎ አይለየውም።

ደግሞ የድሮዋ መምህርቱ ጥቁር አሜሪካዊት ነበረች። እንደ እሷ ያለ አስተማሪ ከእርስዎ በቀር አላየሁም። ቤታችን መጥታ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የናሆምን ስም እስኪስተካከልላት ደጋግማ አለችው። "ሆ" ላይ እየቆመች። ስንለቅ ያነበባቸውን መጻሕፍት ዝርዝር በእጇ ጽፋ ሰጠችኝ። ክፍሏ ውስጥ አንድም ነጭ ልጅ አልነበረም። እሷ አልጎደለችም። የጎደለው ሌላ ነው። አስተማሪ ይመጣል ይሄዳል። ቤት አልባ ሆኖ ከመጠለያ የሚመጣ ልጅ አለ፤ ያ ልጅ ሲከፋው ክፍሉ ሁሉ ይቆማል። አንድ ሰው ስንቱን ይችላል?

አሁን ያለበት ትምህርት ቤት የወላጆች ማኅበሩ ጠንካራ ነው። በዚህ በደኑ ማዶ የአንዳንዱ ትምህርት ቤት ወላጆች በዓመት በመቶ ሺዎች ዶላር ያሰባስባሉ፣ ረዳት መምህር ይቀጥራሉ። እርስዎ ርዕሰ መምህር ሳሉ ወመህ ባሕር ዛፍ ሸጦ ሦስት ክፍል ኮርኒስ ያሠራ ጊዜ የታረደው በግ ትዝ አለኝ። እዚህ ጨረታ ያወጣሉ። የባሕር ዳርቻ ቤት የሳምንት ቆይታ ይጫረታሉ። እኔ አምባሻ ጋግሬ ሄድኩ።

የምንከባከባት አሮጊት አለች፣ ነግሬዎታለሁ። ጥቁር ናት፣ ዘጠናን ደፍናለች። ዋሽንግተን ተወልዳ ዋሽንግተን ያረጀች ናት። ልጅ ሳለች ትምህርት ቤቶቹ በሕግ የተለያዩ ነበሩ፣ የነጭና የጥቁር እየተባሉ። ብራውን የሚባለው የጥቁሮች መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪው ስለበዛበት በፈረቃ ነበር የሚያስተምረው። አባዬ፣ በፈረቃ! እኔ ፈረቃ የእኛ አገር ድህነት ብቻ ያመጣው ይመስለኝ ነበር። የአሜሪካ ዋና ከተማ ውስጥ፣ ቤተ መንግሥቱ አፍንጫ ሥር። የነጮቹ ክፍሎች ግን ባዶ ወንበር ነበራቸው። በ1947 ወላጆቹ ልጆቻቸውን አስቀሩ። የመራቸው ጋርድነር ቢሾፕ የሚባል ፀጉር አስተካካይ ነው። የተማረው አይደለም፣ ሀብታሙ አይደለም፣ ፀጉር አስተካካይ።

ይኸው ሰው በ1950 አሥራ አንድ ጥቁር ልጆች ይዞ ሱሳ ወደሚባል አዲስ ትምህርት ቤት ሄደ። የነጮች ነበር፣ ገና ቀለሙ ያልደረቀ። መለሷቸው። ከተመለሱት ልጆች በአንዱ ስም፣ በቦሊንግ፣ ክስ ተከፈተ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በግንቦት 1954 መለያየቱ ሕገ ወጥ ነው ብሎ በሙሉ ድምፅ ፈረደ። ሱሳ ያለው ከወንዙ ማዶ ነው። በበሩ ስንቴ በአውቶቡስ አልፌያለሁ፣ ምን እንደሆነ ሳላውቅ። ፍርዱ ከመጣ በኋላ ነጮቹ ወደ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ መልቀቅ አበዙ። ዛሬ ሱሳ የሚማረው ሁሉ ማለት ይቻላል ጥቁር ነው። ሕግ የለየውን ሕግ አንድ አደረገው፤ ኪራይ መልሶ ለየው።

ለአሮጊቷ ከደኑ ማዶ መግባታችንን ስነግራት ሳቀች። "እና ነጮቹ እስካሁን አልለቀቁም?" አለችኝ። ቀልዷ ነው፤ ግን ማታ አውቶቡስ ላይ ሲያስቀኝም ሲያናድደኝም መጣሁ። አልለቀቁም። በሩ ላይ "እንኳን መጣችሁ" ይሉናል። ናሆም ለነሱ ትምህርት ቤታቸው የተቀየጠ መሆኑን የሚያሳይ ፎቶ ነው። ድረ ገጻቸው ላይም ወጥቷል፣ ጥርሱን ገልጦ። ያችን ፎቶ ልኬላችኋለሁ፣ እማዬ ሳሎን ሰቅላታለች አሉኝ። ያምራል፣ አይደል? በዚያኛው ክፍሉ ግን እንደ እሱ ያለ ሃያ ልጅ ነበር፣ ማንም ፎቶ አላነሳቸውም።

በዚህ በኩል ያለው ትልቁ ሁለተኛ ደረጃ እስከ 2022 ዉድሮው ዊልሰን ይባል ነበር። መሥሪያ ቤቶች ውስጥ ጥቁርና ነጭ ሠራተኛ እንዲለይ የፈቀደው ፕሬዚዳንት ነው። አሁን ጃክሰን ሪድ ይባላል፤ እዚያ ባስተማረችው የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት መምህርና በመጀመሪያው ጥቁር ርዕሰ መምህር ስም። ደስ ይላል። ስሙን ቀየሩ፣ ኪራዩን ግን አልነኩትም።

ታዲያ ለምን ሄድሽ ካሉኝ፣ እናት ስለሆንኩ ነው። እርስዎስ እኔን ከሰፈሩ አውጥተው እትዬ ዘነቡ ጋ አዲስ አበባ የላኩኝ ለምን ነበር? እንግሊዝኛ መምህር ስላልነበረን ነው። የቀሩትን ልጆች እርስዎ ራስዎ ያስተምሩ ነበር፤ እኔን ግን ላኩኝ። አልወቅስዎትም። አሁንም ብመለስ የማደርገው ይህንኑ ነው። ብቻ ሸሸች አይበሉኝ።

ይብቃኝ። የሰብለን ነገር እንጫወት።

ቀሚሱን አየሁት። ጥለቱ አረንጓዴ መሆኑ ጥሩ ነው፣ ወርቃማው ያስረጃታል ብዬ ፈርቼ ነበር። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ አረቄ ቀርቦ አቶ ጌታሁን ቁጭ ብለው መነሳት እንዳቃታቸው ሰምቼ ብቻዬን ስስቅ ሰው አየኝ። ልጁ የመብራት ኃይል ሠራተኛ መሆኑ አኩርቶኛል፤ ቢያንስ የእኛ ቤት ሲጠፋ የምንጠራው ሰው አገኘን። ዳሱ ሰፊ ይሁን። ግንቦት ላይ ዝናብ አይታመንም፣ ሸራውን ደርቡት። በጉ ከመንዝ ይምጣ፣ ከገበያው ነጋዴ አትግዙ። ሰብለ ልትወጣ ጉልበት ስትስም ዳዊት ስልኩን ከፍቶ ይያዝልኝ። እንደማለቅስ አውቃለሁ፣ ድምፁን አጠፋዋለሁ። ወረቀቴ ገና ነው አባዬ፤ ወጥቼ ልመለስ አልችልም። ካልተጠየቅሁ አልናገረውም ብዬ ነበር፣ ወጣብኝ።

እዚህ ብርድ ነው ይላሉ። ውርጩ ግን የእኛ ዓይነት አይደለም። ጠዋት ሣሩ ላይ ሲፈርስ የሚሰማው ድምፅ የለውም።

የዓይን ሞራዎን ከሠርጉ በፊት ያስገፍፉ። "የልጄን ሠርግ በጭላንጭል አያለሁ" ብለዋል አሉ፤ ቀልድ አይደለም። የግፊቱን ኪኒን ጾም ነው ብለው አይዝለሉ። ቄሱ ራሳቸው ይውጣሉ፣ ይጠይቋቸው።

የቀረውን ብር ዕቁቡ ሚያዝያ ላይ ሲደርሰን እልካለሁ። ለድግሱ ይደርሳል። ካነሰ ከአቶ ጌታሁን ተበደሩ፣ እኔ በስሜ እከፍላለሁ። ለሰብለ ግን ብድር መሆኑን አትንገሯት።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እደውላለሁ። ዳዊት ስልኩን ከቅዳሜ ጀምሮ ቻርጅ ያድርገው። መብራት ከጠፋ የሙሽራውን ይጥራው።

ልጅዎ