የታይሮይድ ኪኒንሽን እንዳትተዪ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትናንት ስልኩን ከዘጋሽ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም። "እማ፣ ቫይታሚን ዲ ጀምሬያለሁ፤ የታይሮይዱን ኪኒን ልተወው ነው" ያልሽኝ ጆሮዬ ላይ ቀረ። በስልክ ስናወራ ትቸኩያለሽ፤ ቁጭ ብዬ ብጽፍልሽ ይሻላል።

መጀመሪያ ይቅርታ ልጠይቅሽ። አምና ስቶክሆልም ብርዱ ሲገባ "ደከመኝ፣ በረደኝ" ስትዪኝ "ናፍቆት ነው፣ ይለቅሻል" አልኩሽ። በቪዲዮ ሳይሽ ቤት ውስጥ ጃኬት ለብሰሽ የሻይ ብርጭቆውን በሁለት እጅሽ አቅፈሽ ነበር። ፀጉርሽም ሳስቷል። 30 ዓመት በነርስነት የሰው ልጅ ሳስታምም ኖሬ የራሴን ልጅ ሕመም አላየሁትም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የተገኘብሽ ሀሺሞቶ ማለት የሰውነትሽ መከላከያ አንገትሽ ላይ ያለውን የገዛ የታይሮይድ እጢሽን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ቀስ እያለ ሲያጠቃው ነው። እኛ አገር የምናውቀው እንቅርት በአዮዲን እጥረት የሚመጣው ነው። ያንቺ ሌላ ነው። አክስትሽ "አዮዲን ያለው ጨው አብዢ" ብትልሽ እንዳትሰሚያት፤ አዮዲን ሲበዛ እንዲያውም ሊያባብሰው ይችላል።

ሕፃን ሳለሽ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ግቢ ውስጥ ሰሌን አንጥፌ ፀሐይ አሞቅሽ ነበር። እግርሽን እያወራጨሽ ትስቂ ነበር። ቫይታሚን ዲን የሚሠራው ፀሐይ ያገኘ ቆዳ ነው። እዚያ ስዊድን በብርዱ ወራት ፀሐይዋ ብትወጣም ዝቅ ብላ ስለምታልፍ ቆዳ ምንም አይሠራም ማለት ይቻላል። የኛ ጠይም ቆዳ ደግሞ ከነጮቹ ይልቅ ብዙ ፀሐይ ይፈልጋል። ወተታቸው ላይ በሕግ ይጨመራል፤ አንቺ ግን ሁዳዴን 55 ቀን ወተት አትቀምሺም። የቫይታሚን ዲ ውጤትሽ 24 መምጣቱ አልገረመኝም። በነሱ መለኪያ ከ50 በታች ከሆነ አንሷል ይባላል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሆነብሽ።

ቫይታሚኑን መጀመርሽ ደስ ብሎኛል። ሀሺሞቶ ያለባቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ ቫይታሚን ዲያቸው ዝቅ ብሎ ይገኛል። አንዱ ሌላውን ማምጣቱ ግን ገና አልተረጋገጠም። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣ የአሜሪካ ጥናት 26,000 ገደማ ሰዎችን 5 ዓመት ያህል ተከታትሎ ነበር። በቀን 2,000 ዩኒት ቫይታሚን ዲ በወሰዱት ላይ ሰውነት ራሱን የሚያጠቃባቸው በሽታዎች በ22 በመቶ ቀንሰው ተገኝተዋል። ልጄ፣ እሱ ግን ሳይታመሙ ስለ መከላከል ነው። ያንቺ እጢ ተጎድቷል። የታይሮይድ ኪኒንሽ፣ ሌቮታይሮክሲኑ፣ እጢሽ መሥራት ያቃተውን ሆርሞን ይተካልሻል፤ ቫይታሚን ዲ ያንን አይሠራም። ብታቆሚው ድካሙም ብርዱም ተመልሶ ይመጣል። ልጅ ለመውለድ እያሰባችሁ ደግሞ ጨርሶ አይሆንም፤ የእናት ሆርሞን ሲያንስ ለፅንሱም ለእርግዝናውም አደጋ ነው።

የጠዋቱን ኪኒን በባዶ ሆድሽ በውሃ ብቻ ዋጪው። ቡናሽ 1 ሰዓት ይቆይ፤ እንደማይሆንልሽ አውቃለሁ፣ ግን ቡና መድኃኒቱ ወደ ሰውነትሽ በደንብ እንዳይገባ ያደርጋል። የብረት ወይም የካልሲየም ኪኒን ካለሽ 4 ሰዓት አራርቂው። ቫይታሚን ዲውን ከምሳሽ ጋር ውሰጂ፤ ቅባት ይፈልጋል፣ ሽሮሽ ላይ ያለው ዘይት ይበቃዋል። ሐኪም ሳያዝልሽ በቀን ከ4,000 ዩኒት እንዳታልፊ፤ ሲበዛ ኩላሊት ይጎዳል።

ሰኞ ሐኪምሽ ጋ ደውዪና ሁሉንም ንገሪያት፣ ልተወው ብዬ ነበር ያልሽውንም ጭምር። ነገ ጠዋት ኪኒኑን ስትውጪ ደግሞ ለኔ ደውዪልኝ። ስልኩን ከአጠገቤ አላርቀውም።

እናትሽ